ማድያት፣ ምስርና ሳፍሮን፦ የሕንድ የፊት መድኃኒት እንዴት የ«ንጣት» ንግድ ሆነ?

ማድያት የማይታወቅበት የአበሻ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጉንጭ ላይ፣ ግንባር ላይ፣ አንዳንዴም ከላይኛው ከንፈር በላይ ይወጣል። አያምም፣ አይተላለፍም። ግን ስንቷን ሴት ከመስታወት ጋር አጣልቷል! ወንዱንም ቢሆን አይምርም። መድኃኒቱን አውቃለሁ ባይ ደግሞ አይጠፋም። አንዷ እርድ በማር ትላለች፣ ሌላዋ እሬት ታዝዛለች፣ ሦስተኛዋ ከዱባይ የመጣ ክሬም ከቦርሳዋ ታወጣለች። ክሬሙ ላይ ቅጠልና አበባ ተሥሎ «አዩርቬዲክ» የሚል ከተጻፈበትማ ነገሩ አለቀ። «ከተፈጥሮ የተሠራ ነው፣ ሕንዶች ለሺህ ዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው» ይባልና ክርክሩ በዚያው ይዘጋል።

ለመሆኑ ሕንዶች ለሺህ ዓመታት የተጠቀሙበት ምንድን ነው? ለምን በሽታ? በምን ዓይነት ሰው ፊት ላይ? እስቲ ዛሬ መጻሕፍቱን ገለጥ ገለጥ እናድርግ። ታሪኩን የተከተለ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። የጥንቶቹ የሕንድ ሐኪሞች ሊያጠፉ የተነሱት ፊት ላይ የወጣን ጥቁር ምልክት ነበር፤ ጥቁር ፊትን በሽታ ነው አላሉም። ይህን ልዩነት ያጠፋው ንግድ ነው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የእኛ ፊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ስም አለው፦ ቪያንጋ

አዩርቬዳ በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» እንደማለት ነው። ዋና ዋና መጻሕፍቱ ሦስት ናቸው፦ ቻራካ ሳምሂታ፣ ሱሽሩታ ሳምሂታ፣ እንዲሁም ቫግባታ የተባለ ሐኪም በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ያዘጋጀው አሽታንጋ ህሪዳያ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ዘመን ተጽፈው ያለቁ አይደሉም። ለብዙ መቶ ዓመታት እየተጨመረባቸውና እየታረሙ ነው ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የያዙት።

ሱሽሩታ «ትንንሽ በሽታዎች» ብሎ 44 ሕመሞችን በአንድ ምዕራፍ ይሰበስባል። ብጉር፣ ኪንታሮት፣ የራስ ፀጉር መርገፍና ሌሎችም እዚያ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቪያንጋ ይባላል። አገላለጹን ያነበበ ሰው ማድያት መሆኑን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም፦ ፊት ላይ በድንገት የሚወጣ፣ ሕመም የሌለው፣ ከቆዳው ከፍ ያላለ፣ የጠቆረ ክብ። መንስኤውም ንዴትና ድካም ነው ይላል። ሁለቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ነፋስ (ቫታ) ያስነሱታል፣ እሱም ከሙቀቱ ኃይል (ፒታ) ጋር ተዳብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ከዚህ የባሰ የጠቆረው ደግሞ ኒሊካ የሚል ሌላ ስም አለው። ቻራካ በበኩሉ ሁለቱንም ከደም መበላሸት ከሚመጡ ሕመሞች ጋር ይቆጥራቸዋል።

ዛሬ ሕክምናው የሚለው ሌላ ነው። ማድያት የሚመጣው ሜላኒን የሚያመርቱት የቆዳ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲሠሩ ነው። የሚቀሰቅሷቸውም በተለይ የፀሐይ ብርሃን፣ እርግዝናና የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የሚያመጡት የሆርሞን ለውጥ፣ እንዲሁም ከቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ ናቸው። ስለ ነፋሱ ሱሽሩታ ተሳስቷል። ነገር ግን ሰውየው ያየውን በሚገባ ነው የጻፈው፣ ለበሽታውም ልክ የሆነ ቦታ ነው የሰጠው፦ ትንሽ ሕመም። እርግማን አላለውም፣ የሴትየዋ ጥፋትም አላደረገው።

ጥቁርም የጤና ቀለም ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቻራካ ሳምሂታ ውስጥ አንድ ሐኪም የሕመምተኛውን የሞት ምልክት እንዴት እንደሚያነብ የሚያስተምር ክፍል አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ቀለም ያወራል። አመክንዮው ቀላል ነው። ሐኪሙ የሰውየው ቀለም ተለውጧል ከማለቱ በፊት የሰውየው የራሱ ቀለም የትኛው እንደነበረ ማወቅ አለበት። ስለዚህ መጽሐፉ የተፈጥሮ የሆኑትን የሰው ልጅ ቀለማት ይዘረዝራል። አራት ናቸው። በእኛ አነጋገር ብንመልሳቸው ጥቁር፣ ጠይም፣ በጠይምና በቀይ መካከል ያለው (ቀይ ዳማ የምንለው ዓይነት) እና ቀላ ወይም ነጣ ያለው ይሆናሉ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የበሽታ ቀለማት ይመጣሉ። ሰማያዊ አለ፣ መዳብ የመሰለ አለ፣ ከዝርዝሩም መጨረሻ ላይ ነጭ አለ! ጠይም የነበረ ሰው ድንገት ሲነጣ ያየ የቻራካ ተማሪ «አማረበት» አይልም፤ «ይህ ሰው ምን ነካው?» ይላል። ግማሽ ፊቱ የራሱን ቀለም ይዞ ሌላው ግማሽ የተለወጠበትን ሰውማ ለሞት የቀረበ አድርጎ ነው የሚያየው።

በዚያ ባህል ጥቁርነት ክብር የሌለው ነገር አልነበረም። ክሪሽና የሚለው የአምላካቸው ስም ራሱ «ጥቁር» ማለት ነው። ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ወላጆች የሚመኙትን ዓይነት ልጅ ለማግኘት ምን መብላት እንዳለባቸው ሲናገር ነጣ ያለው ልጅ አንድ ቬዳ፣ ቀጥሎ ያለው ሁለት ቬዳ፣ ጠይሙ ልጅ ግን ሦስት ቬዳ የሚያውቅ እንዲሆን የሚመኙበትን ምግብ ይዘረዝራል። በዕውቀት መሰላሉ ላይኛው እርከን ላይ የቆመው ጠይሙ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ስንል ግን የጥንቷን ሕንድ ገነት እንዳናደርጋት። ያው ቻራካ ነጣ ያለ ወንድ ልጅ ለምትሻ ሴት የነጭ ላም ወተት ያዝዛል። «ቫርንያ» የሚባሉ፣ መልክን ያሳምራሉ ተብለው የተመደቡ አሥር መድኃኒቶችም አሉት። ቅብ የሚያዝዙት ምዕራፎችም ደጋግመው ስለ ፊት ውበትና ወገግታ ቃል ይገባሉ። ቫርና የሚለው ቃል ራሱ ቀለምም ነው፣ የማኅበረሰቡ የመደብ ክፍፍልም የሚጠራበት ነው። ስለዚህ የቀለም ምርጫውን ሁሉ እንግሊዞች በመርከብ ጭነው አመጡት ማለት ታሪክን ማቅለል ይሆናል። የሚያከራክር ያልሆነው ግን ይህ ነው፦ በሕክምናው መጽሐፍ ጥቁር ሰው ጤነኛ ሰው ነው፣ ቪያንጋም የሚለካው ከራሱ ከሰውየው ቀለም አንጻር ነው።

ለወጥ የምንገዛው ምስር

ታዲያ እንዴት ነበር የሚያክሙት? መጀመሪያ የሚመጣው እንደኛው ዋግምት ዓይነት ነገር ነው፦ ደም ማውጣት። ሱሽሩታ ለቪያንጋ ደም ሥር እንዲከፈት ያዝዛል፤ የሚከፈተውም ግንባር ላይ ያለው ነው። ከዚያ ቆዳው በሻካራ ነገር ይፈገፈግና ወተት መሰል ፈሳሽ የሚወጣቸው የዛፎች ቅርፊት ተወቅጦ ይቀባል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል እዚህ ጋ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ አይደል?

ቅቡ ግን የበለጠ የሚያስደስት ታሪክ አለው። አሽታንጋ ህሪዳያ ውስጥ ለቪያንጋ ከታዘዙት አንዱ ቀይ ሰንደል፣ ማንጂሽታ (ጨርቅ ለማቅለም የሚያገለግል ቀይ ሥር ነው)፣ የባንያን ዛፍ ቡቃያ፣ ሌሎችም ዕፅዋት፣ በመጨረሻም ምስር ያለበት ድብልቅ ነው። አዎ፣ ለወጥ የምንገዛው ምስር! እነዚህ ተፈጭተው ፊት ላይ ይቀባሉ። ዛሬም ሕንድ ውስጥ ምስር ዘፍዝፈው ፈጭተው ፊታቸውን የሚቀቡ ሴቶች ሞልተዋል።

ከሁሉ ዝነኛው ደግሞ ኩምኩማዲ ታይላ ነው። ኩምኩማ ማለት ሳፍሮን ነው፣ ታይላ ደግሞ የሰሊጥ ዘይት። ሳፍሮን፣ ሰንደል፣ የሊኮሪስ ሥር፣ ማንጂሽታ፣ የሎተስ አበባ ከፍየል ወተት ጋር በዘይት ይፈላሉ። ዛሬ ይህ ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ በውድ ዋጋ የፊት ቅባት ሆኖ ይሸጣል። ቫግባታ ግን እንዲቀባ ብሎ አልጻፈውም። እሱ ያዘዘው አዘውትሮ በአፍንጫ እንዲጨመር ነው! ጠርሙሱ ላይ «እንደ ጥንቱ» ብለው የሚጽፉት ሰዎች መጽሐፉን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበቡት አይመስሉም።

የቅቡ ደንብም ረጅም ነው። የጣትን ስፋት እየለኩ ውፍረቱን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፣ እንደ ወቅቱም ስድስት ዓይነት ቅብ አለ። ሳይደርቅ መነሳት አለበት፣ የደረቀ ቅብ መልክን ያበላሻል ይላሉ። ጉንፋን ያለበት ወይም ምግብ ያልተፈጨለት ሰው አይቀባም። የተቀባ ሰው ደግሞ ቀን መተኛት፣ ብዙ ማውራት፣ እሳት አጠገብ መቀመጥ፣ ፀሐይ ላይ መውጣት፣ ማዘንና መናደድ የለበትም። ሳቅ ሊያሰኝ ይችላል። ነገር ግን ከዝርዝሩ መካከል ያለችው ፀሐይ አስተዋይ ዓይን እንደነበራቸው ታሳያለች። የዛሬ የቆዳ ሐኪምም ማድያት ላለበት ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ከፀሐይ እንዲጠበቅ ነው።

ሕክምናውን ጠቅለል አድርገን ስናየው ጊዜ የሚወስድ፣ የሰውየውን ሆድ፣ እንቅልፍና ስሜት የሚጠይቅ፣ ሕመምተኛውን የሚያውቅ ሐኪም የሚፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ቱቦ ውስጥ አይገባም። ቱቦው የመጣ ዕለት ቀድሞ የወደቀው ይኸው ነው።

ሐኪሙ ወጣ፣ ቱቦው ገባ

በ1835 የእንግሊዝ አስተዳደር ካልካታ ላይ የምዕራባውያን ሕክምና ኮሌጅ ሲከፍት በሳንስክሪት ኮሌጅ ይሰጥ የነበረውን የአዩርቬዳ ትምህርት ዘጋ። ቫይድያዎቹ (የአዩርቬዳ ሐኪሞቹ) የመንግሥት ድጋፍ አጡ። አንዳንዶች ግን ሌላ መንገድ አገኙ፦ ፋብሪካ። ዛሬ ግዙፍ የሆነው ዳቡር በ1884 እዚያው ካልካታ ተመሠረተ። መድኃኒቱ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ በጠርሙስ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ወጣ። በጎን ደግሞ «ስኖው» የሚባሉ ነጭ የፊት ክሬሞች ገበያውን ያዙ፤ የቦምቤዩ «አፍጋን ስኖው» በጣም ታዋቂ ነበር።

ነፃ ከወጡ በኋላ በ1964 የሕንድ ፓርላማ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕጉን አሻሽሎ አዩርቬዳን አስገባ። ሕጉ የጥንቶቹን መጻሕፍት በዝርዝር ይጠራቸዋል። አንድ ኩባንያ በራሱ ስም አዲስ የአዩርቬዳ መድኃኒት ማውጣት ከፈለገ ቅመሞቹ ከእነዚያ መጻሕፍት የተገኙ መሆን አለባቸው። አያችሁ ቀዳዳዋን? ቅመሙ ከመጽሐፉ ይምጣ እንጂ ድብልቁ፣ ስሙና ማስታወቂያው አዲስ መሆን ይችላል። ሳፍሮኑ የቫግባታ ነው፣ ቃል ኪዳኑ የነጋዴው።

ነገሩ መድኃኒት ነው ወይስ መዋቢያ የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ቪኮ የተባለ ኩባንያ የእርድ ክሬሙን መዋቢያ አይደለም፣ የአዩርቬዳ መድኃኒት ነው ብሎ ከቀረጥ መሥሪያ ቤት ጋር ለብዙ ዓመታት ተሟገተ። ምክንያቱም ቀረጡ ይለያያል! በመጨረሻ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ረታ።

1975

በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። አሜሪካ ውስጥ ክሊግማንና ዊሊስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ስቴሮይድ የቀላቀለ የማድያት መድኃኒት አሳተሙ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ሂንዱስታን ሊቨር «ፌር ኤንድ ላቭሊ»ን ገበያ ላይ አወጣ። የመጀመሪያው ለሕመምተኛ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነበር። ሁለተኛው ለማንኛዋም ጠይም ልጅ ነበር።

የፌር ኤንድ ላቭሊ ዋና ቅመም ኒያሲናማይድ የሚባል የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው፣ ከአዩርቬዳ ጋር ዝምድና የለውም። ገበያው ሲሰፋ ግን ቅጠላ ቅጠሉ መጣ። በ1998 ኬቪንኬር የተባለ ኩባንያ ሳፍሮንና ወተት አለበት ያለውን «ፌርኤቨር» ይዞ ገባ። የሊቨርም ክሬም በ«አዩርቬዲክ» ስም ቀረበ። በ2005 ኢማሚ ለወንዶችም «ፌር ኤንድ ሃንድሰም» አለ። የቻራካ ጥያቄ «የዚህ ሰው የራሱ ቀለም የትኛው ነው?» የሚል ነበር። የማስታወቂያው ጥያቄ «ስንት ደረጃ ነጣሽ?» ሆነ። ሥራ ያላገኘች ጠይም ልጅ ክሬሙን ተቀብታ የአየር መንገድ አስተናጋጅ ስትሆን የሚያሳየው ማስታወቂያ የሕንድ ሴቶች ማኅበራትን አስቆጣ። በተቃውሞው የተነሳ በ2003 ሁለት ማስታወቂያዎች ከቴሌቪዥን ወረዱ። በ2009 «ጥቁር ውብ ነው» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። በ2020 የአሜሪካው የጥቁሮች ተቃውሞ ዓለምን ሲያናውጥ ኩባንያው «ፌር» የሚለውን ቃል አውጥቶ ክሬሙን «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» አለው። ስሙ ተቀየረ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ቦታ ግን ያው ነው።

የከፋው ጉዳት ግን ከስም ጋር አይያያዝም። የክሊግማን ድብልቅ ዘመዶች ሕንድ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ማንጫ ክሬም ይሸጡ ጀመር። ስቴሮይድ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉርና ፀጉር ይወጣል፣ ለማቆም ሲሞከር ደግሞ ፊቱ ይቃጠላል። በ2011 በታተመ ጥናት የሕንድ ሐኪሞች የፊት ቆዳ ችግር ያለባቸውን 2,926 ሕመምተኞች አዩ። ከእነዚህ 433ቱ ስቴሮይድ ፊታቸው ላይ ይቀቡ ነበር። በ2018 መንግሥት ብዙዎቹን ክሬሞች ያለ ትእዛዝ እንዳይሸጡ ከለከለ።

«እኔ የምጠቀመው አዩርቬዲክ ብቻ ነው» የምትሉም አትዝናኑ። አዩርቬዳ ሜርኩሪና ሌሎች ብረቶችን የሚጠቀም ራሳ ሻስትራ የሚባል ቅርንጫፍ አለው። በ2008 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። እነዚያ በአፍ የሚወሰዱ ነበሩ። ቆዳ በሚያነጡ ክሬሞች ውስጥም ሜርኩሪ የዓለም ችግር ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል። ቅጠል የተሣለበት ካርቶን ውስጡ ያለውን አይናገርም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከዕፅዋቱ መካከል ተስፋ የሚሰጡ አሉ። የሊኮሪስ ሥር ውስጥ የሚገኘው ግላብሪዲን ሜላኒን የሚያመርተውን ኤንዛይም እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከዚያ ተነስቶ ኩምኩማዲ ማድያት ያድናል ለማለት ግን ማስረጃው ቀጭን ነው። ምስሩም ቢሆን ቆዳን አጥብቆ ከተፈገፈገበት እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ሌላ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። የሚሻለው የታወቀው ነው፦ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የቆዳ ሐኪም፣ ትዕግሥት። በእርግዝና የመጣው ማድያት ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይደበዝዛል።

ከጥንቶቹ ሐኪሞች ግን አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል፣ እሱም ሳፍሮን አያስፈልገውም። ቀጥሎ አንዱ ክሬም ሲቀርብልሽ፣ ወይም ሲቀርብልህ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር የወጣብኝን ምልክት ሊያነሳልኝ ነው ወይስ እኔን ራሴን ሊለውጠኝ? የመጀመሪያው ሕክምና ነው፣ ሐኪም ይታይበት። ሁለተኛውን የቻራካ ተማሪ ቢያየው በበሽታ መዝገብ ላይ ነበር የሚጽፈው።